ቤታችሁ ሙሉ ነው?

ሐሙስ፣ ኦገስት 17

ጠዋት ፖስተኛዋ ቪራ ደብዳቤ አመጣች። እንደ ልማዷ ከአጥሩ በር አላለፈችም። አደራ ደብዳቤ ስለሆነ አስፈረመችኝ፣ ፖስታውን በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ፣ ብስክሌቷን እየገፋች ሄደች። ደህና ዋይ እንኳ አላለችኝም። ቴምብሩ የፖርቱጋል ነው፤ አድራሻው ግን የባሌ የሚሮን የእጅ ጽሑፍ አይደለም፣ በታይፕ ነው።

አንድ ጊዜ አነበብኩት። መሳቢያ ውስጥ ከፎጣዎቹ ስር አስገባሁት። ደግሜ አላነበውም።

ወደ ማታ ታናሽ እህቴ ኔላ ከልጇ ከኡሊያና ጋር መጣች። የኡሊያና ሰርግ ኦክቶበር አንድ፣ እሁድ ቀን ተቆርጧል። ሙሽራው ኦስታፕ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ይሁን፣ ለእኛ ቤት ዝምተኛ ያስፈልገዋል። ስለ ሁሉም ነገር አወራን፤ ስለ ኮሮቫዩ፣ ስለ ሰርጉ ዳቦ ግን ኔላ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በዚህ መንደር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰርግ ዳቦ ያለ እኔ ተቦክቶ አያውቅም። ስለዚህ እኔው አነሳሁት፤ መቼም የምመራው እኔ ነኝ አልኩ። ያኔ ኡሊያና ዓይን ዓይኔን እያየች "አክስቴ፣ ድካም ከሆነብሽ እኮ ሉትስክ ካለው ዳቦ ቤት ማዘዝ ይቻላል" አለችኝ። ክርስትና ያነሳኋት ልጅ ናት እንዲህ የምትለኝ። ተቆጣሁ። በክርስትና ልጄ ሰርግ የሱቅ ዳቦ አስቆርሼ የት ልገባ ነው አልኳት። እናትና ልጅ ተያዩ፤ ከዚያ ኔላ እሺ እሺ ብላ ሌላ ወሬ አመጣች።

የዛሬ ልጆች ድካም ፈሪ ናቸው።

እሁድ፣ ኦገስት 20

እሺ፣ ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት ለማን እነግረዋለሁ።

ደብዳቤው የጠበቃ ነው። ሚሮን ለግንባታ ሥራ ከዩክሬን ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ ግራሳ ከምትባል ሴት ጋር ይኖራል፤ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ፍቺ ይፈልጋል። ወረቀቱን ውል አዋዋይ ፊት ፈርሜ እስከ ኖቬምበር እንድልክ ነው የሚጠይቀኝ። ሚሮን ራሱ አንዲት መስመር አልጻፈልኝም። ለገና ሲደውል ወገቤን ይቆረጥመኛል ነበር ያለኝ፤ እኔ ሞኟ ደግሞ የሱፍ መቀነት ሠርቼ ላክሁለት። ለካ የማሞቀው የሌላ ሴት ባል ነበር።

ሄደ፤ ይሂድ። ሰባት ዓመት ብቻዬን ተኝቻለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ልጃችን ናዛርም አድጎ መርከብ ላይ ይሠራል፤ ዳቦ የሚጠይቀኝ የለም። እኔን የሚያነደኝ ቡሃቃው ነው።

ኮሮቫይ የሚያቦኩት ሰባት ሴቶች ናቸው። ሰባቱም በመጀመሪያ ትዳራቸው ያሉ፣ ባላቸው በሕይወት ያለ፣ ከባላቸው ጋር በሰላም የሚኖሩ መሆን አለባቸው። ባሏ የሞተባትና ባሏ የተዋት ሴት እጇን ሊጡ ውስጥ አታስገባም። ካስገባች ዳቦው ምድጃ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ዳቦው ከተሰነጠቀ የሙሽሮቹ ትዳር ይሰነጠቃል። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ከአማቴ ነው የተረከብኩት፣ ነፍሷን ይማርና።

ያስከበርኩት ግን እኔ ነኝ።

እንግዲህ ያለኝ ሁለት መንገድ ነው። ወይ ለኔላ ነግሬ ከቡሃቃው ዞር እላለሁ፤ ያኔ መንደሩ ሁሉ ገመናዬን ይሰማል፣ ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩበት ቦታ ይቀራል። ወይ ዝም ብዬ አቦካለሁ፤ የሚመጣው ነገር በኡሊያና ላይ ይመጣል። እስካሁን ማንም አያውቅም። ከሰርጉ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ከሰርጉ በኋላ።

እሁድ፣ ኦገስት 27

ዋሸሁ። ያውም ማንም ሳይጠይቀኝ።

ኔላ ቤት ተሰብስበን የሙሽራዋን ፎጣዎች እንጠልፍ ነበር። ስለ እንግዶች ብዛት ሲወራ ድንገት አፌ ተከፈተና ሚሮን ትናንት ደውሎ ነበር፣ ፈቃድ ከለከሉኝ ብሎ አዘነ አልኩ። ከሁላችን ትልቋ እትዬ ፌንያ ናቸው፤ መርፌያቸውን ከጨርቁ ላይ ሳያነሱ "ይደውላል እንግዲህ?" አሉኝ። በሳምንት አንዴ አልኩ። "ደግ ነው" አሉና ክራቸውን በጥርሳቸው ቆረጡ።

ምን አስለፈለፈኝ? ዝም ብል ማን ይቆነጥጠኝ ነበር። ስወጣ ኔላ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ፤ ክንዴን ያዝ አድርጋ "እታለም፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?" አለችኝ። ምን ይኖራል አልኳት። ፊትሽ ነጣብኝ አለች። ዱቄት ነው አልኳት። ስጠልፍ ዋልኩ እንጂ ዱቄት የት አግኝቼ።

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 3

ቅዳሴ ላይ ቪራ ከፊቴ ቆማ ነበር። ጀርባዋን እያየሁ ቅዳሴው አለቀ።

ስለ ቪራ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌ አላውቅም። ጓደኛዬ ነበረች። ከሊጥ ርግብ መሥራት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ክንፏን ሁለት ቦታ በመቀስ ቆረጥ፣ ለዓይኗ አንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ባሏ ከጋራ እርሻው ጸሐፊ ጋር ጠፋ። እሱ በጠፋ በወሩ የጎረቤት ልጅ ሰርግ ነበር። ቪራ ሽርጧን አስራ መጣች፣ እጇን ታጠበች። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያዩኛል። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ መሪነቱ ገና አልበረደልኝም። "ቪራ፣ አንቺ ዛሬ እረፊ፣ ከዚያ ማዶ ሆነሽ ዘፈኑን ብቻ አውጪልን" አልኳት። በለስላሳ ድምፅ ነው ያልኳት። ለስላሳ ባይሆንማ ምን ነበረበት፤ ብጮህባት መልሳ ትጮህብኝ ነበር።

እጇን አደረቀች። ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈች፣ እንደገና ዘርግታ አስተካክላ አጠፈች። ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ ወጣች። ዘፈኑን አላወጣችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአጥሬ በር አልፋ አታውቅም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ያኔ የእኔ ገና አላረረም ነበር፤ እሱም ቢሆን ማመካኛ አይሆነኝም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 9

ሩጫ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነናል። አዳራሹ ተገኘ። ሙዚቀኞቹ ሦስት ናቸው፣ ዋሽንት ነፊው ይሰክራል አሉ። የኡሊያና ጫማ ጠበበ። እንቁላል ስልሳ ይበቃ ይሆን? ሰማንያ ይሁን።

ሊጡ ከሰባት ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ነው የሚቦካው። ስድስቱ ታውቀዋል። ሰባተኛው ሁልጊዜ የቪራ ጉድጓድ ነበር፤ እሷን ከቡሃቃው አባርሬ ውሃዋን ግን አስቀዳ ነበር። ዘንድሮ ሌላ ይፈለግ።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነው መቼም።

አርብ፣ ሴፕቴምበር 15

ዛሬ የሠራሁትን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ሉትስክ ወርጄ ነጭ ዳንቴል የጠረጴዛ ልብስ ገዛሁ። የሻጩን ወረቀት ላጥኩ፣ ፖርቱጋልኛ የተጻፈበት የብስኩት ካርቶን ነበረኝ፣ ሚሮን ድሮ የላከው፣ እሱ ውስጥ አጣጥፌ ከተትኩት። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ኔላ ቤት ሄድኩና አጎትሽ የላከልሽ ነው ብዬ ለኡሊያና ሰጠኋት። የእትዬ ፌንያ አማች እዚያው ተቀምጧል። እሱም ፖርቱጋል ነው የሚሠራው፣ ከሚሮን ጋር አንድ ከተማ፤ ጁላይ ላይ ለእረፍት መጥቶ እስካሁን አልተመለሰም። እዚያ መሆኑን ካርቶኑን ከከፈትኩ በኋላ ነው ያየሁት። ጨርቁን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሮ ቀረ።

ደነገጥኩ። በኋላ ግን ሳስበው እሱ ምንም አያውቅም። ወሬ የማይቋጥር ሰው ነው፤ ቢያውቅ ኖሮ እስካሁን መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ኡሊያና ጨርቁን ደረቷ ላይ አስጠግታ አጎቴን አመሰግናለሁ በይልኝ አለችኝ። አቀፈችኝ። ለአንድ የጠረጴዛ ልብስ በጣም ብዙ ጊዜ አቀፈችኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 21

የእመቤታችን ልደት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኔላ እርምጃዋን ቀነስ አድርጋ ከሰው ለየችኝ። ዘንድሮ እትዬ ፌንያ ዳቦውን ቢመሩት ምን ይመስልሻል አለችኝ። አንቺ የክርስትና እናት ነሽ፣ ሌላ ብዙ ሥራ አለብሽ፣ ሰው ሁሉ ይረዳሻል አለች። ድምጿ ሲለማመጥ ሰማሁት።

ያኔ ነበር ማለት የነበረብኝ። መንገዱ ላይ እኛ ሁለት ብቻ ነበርን። እህቴ ናት፤ አባታችን ሲሞት አብረን አልቅሰናል። አፌን ከፈትኩና የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

"ምን ጎደለኝ?" አልኳት።

ቆማ አየችኝ። "ምንም አልጎደለሽም፣ እታለም" አለች። ከዚያ እስከ ቤት ስለ ጎመን አወራን።

ለምንድነው የማልናገረው? ባል ትቶኛል ማለት ሁለት ቃል ነው። ሌላዋ ሴት ስትል ሰምቼ ስንቱን ጊዜ አይዞሽ ብያለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ደግሞ እሷም አመለኛ ነበረች ብያለሁ። እኔንም እንደዚያ ይሉኛል። አሁን ደግሞ በላዩ ላይ ውሸታም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 25

መላ አገኘሁ። ሊጡ የሚቦካው አርብ ነው፤ ጠዋት ወገቤን ይዤ እተኛለሁ። ታመመች ይባላል፣ እትዬ ፌንያ ይመራሉ፣ ሊጡም ንጹሕ ይሆናል፣ እኔም አልዋረድም። ወገብን ማን ገልጦ ያየዋል። ዛሬ ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች ፊት ወገቤን ያዝ አድርጌ ትንሽ አቃሰትኩ፣ መሬቱን ላመቻች ብዬ።

ማታ

ኡሊያና መጣች። ለወገብ የሚሆን ቅባት ይዛ ነው የመጣችው፤ ወሬው በሁለት ሰዓት ውስጥ ደርሷታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መተኛት ካለብሽ ተኚ፣ ማንም ምንም አይልሽም አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ "ግን ከመጣሽ እኔ ደስ ይለኛል። ያው ልታውቂው ብዬ ነው፣ አክስቴ" አለች።

ያን ጊዜ ብነግራት ኖሮ። እሷ ግን እጄን ይዛ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም። እመጣለሁ አልኳት።

አርብ፣ ሴፕቴምበር 29

ሄድኩ። አቦካሁ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ኔላ ቤት ሰባታችንም ሽርጥ አስረን ቆምን። ለብ ያለ ውሃ በአንድ ሳፋ ቀረበ፣ አስራ አራት እጅ አንድ ላይ ገባ። ልማዱ መሪዋ ትጠይቃለች፣ ስድስቱ ይመልሳሉ። ጠየቅሁ፦ "ቤታችሁ ሙሉ ነው?" "ሙሉ ነው" አሉ። ቀጥሎ ከስድስቱ ትልቋ መሪዋን ትጠይቃለች። እትዬ ፌንያ ናቸው። ውሃውን አዩ። ወደ በሩ አዩ፤ ኡሊያና መቃኑን ተደግፋ ቆማለች፣ ሙሽራ ደግሞ በዚህ ሰዓት እዚያ አትቆምም። ከዚያ "ያንቺስ ቤት ሙሉ ነው?" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

"ሙሉ ነው" አልኩ።

አንዷም ቀና አላለችም። ሳፋው ውስጥ አጠገቤ ያለው የአንዷ እጅ የእኔን ነካ አድርጎ ጨበጠው፤ የማን እንደሆነ አላየሁም። እትዬ ፌንያ ውሃውን ከእጃቸው እያራገፉ "በሉ እናቡካ፣ እርሾ ሰው አይጠብቅም" አሉ።

ሊጡ እንዴት ያለ ሊጥ ነበር። እጄ ውስጥ ገባ፣ እጄን አልጠየፈውም። ሴቶቹ ዘፈኑ፣ እኔም ዘፈንኩ። የሊጡን ጉንጉን፣ ጨረቃዋን፣ ርግቦቹን ሠራን፤ አስራ ሁለቱንም ርግቦች እኔ ነኝ የሠራኋቸው። የሙሽራው ወንድም፣ ፀጉሩ ጥቅልል ያለው፣ እንደ ወጉ ምድጃውን ጠርጎ ዳቦውን በእንጨት አካፋ አስገባ። ከዚያ ማንም አይቀመጥም፣ በር አይላጋም፣ በሹክሹክታ ነው የሚወራው። እኔ ከምድጃው አልተንቀሳቀስኩም። ጌታ ሆይ፣ ልጅቷን አትንካ፣ ከሰነጠቅከውም እዚሁ ፊታቸው ተንበርክኬ እናገራለሁ ብዬ ተሳልኩ።

አልተሰነጠቀም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አላየሁም። ወርቅ የመሰለ፣ ቀጥ ብሎ ከሣህኑ በላይ የወጣ፣ ፀጉር የምታህል መስመር የሌለበት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከምድጃው ኋላ ሄጄ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ ነው አልኳቸው። ደስታ ነው፣ ደስታ ነው አሉ ተቀባብለው፣ ውሃም ሰጡኝ።

ሊጡ አላወቀብኝም። ይህን ሳስብ ሌላ ሐሳብ ተከትሎት መጣ፣ ስለ ሌላ ሰው እጅ። አሁን አልጽፈውም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 30

የቪራ የስሟ ቀን ነው፣ የስሟ ቅድስት የምትከበርበት። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንኳን አደረሰሽ ብያት አላውቅም። ዛሬም አላልኳትም። አዳራሽ ማስጌጥ ነበረብኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 2

ትናንት ሰርጉ ሆነ።

ኔላ ጠዋት መጋረጃውን፣ ዓይነ ርግቡን ማለቴ ነው፣ መሰካት አቃታት። ሁላችንም ረጋ በሉ ረጋ በሉ እየተባባልን እንጋጫለን። የረጋችው ሙሽራዋ ብቻ ነበረች። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ፖም እየበላች "የሚጠፋ ነገር ቢኖር እስካሁን ጠፍቶ ነበር" እያለች ታስቀን ነበር። እኔንም አስጠራችኝ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ አለችኝ፤ ምንም ቢባል ዛሬ ከአዳራሹ እንዳትወጪ። ምን ይባላል ብለሽ ነው አልኳት። እንጃ፣ ሰርግ አይደል፣ ሰው ይጠጣል አለች።

ሰውም ጠጣ። የኔላ ባል ዘኖን ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ የድምፅ ማጉያውን ከሙዚቀኛው ነጥቆ ለሚሮን እንደውልለት፣ ከፖርቱጋል ሆኖ ይመርቃቸው፣ ዳርካ ቁጥሩን ስጪን አለ። መቶ ሃያ ሰው ነበር። አንድ ሹካ ሲወድቅ ሰማሁ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ይደወል አላለም፤ ሰው ሁሉ ሣህኑን ነው የሚያየው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኡሊያና ከነቬሏ ተነስታ፣ የጠረጴዛውን ጫፍ ዞራ፣ አባቷን ከነማጉያው እጁን ያዘችና "አባዬ፣ የእኔ ጭፈራ መቼ ነው?" አለችው። ሙዚቀኞቹም ወዲያው መቱ። ዋሽንት ነፊውም አልሰከረም።

ኮሮቫዩን ቆርሼ ማደል የእኔ ሥራ ነው። ጨረቃዋን ለሙሽሮቹ፣ የታችኛውን ለሙዚቀኞቹ፣ ርግቦቹን ለቅርብ ሰው። አንዷን ርግብ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ቪራ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፤ ውጭ ብስክሌቷ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሽ ነበር። ርግቧን ሰጠኋት። ከዚያ ሁለቱን ቃል አልኳት።

"ሚሮን ትቶኛል፣ ቪራ።"

"አውቃለሁ።"

ደብዳቤውን አይተሽ ነው አልኳት።

"ከደብዳቤው በፊት። የፌንያ አማች ጁላይ ላይ ሲመጣ ወሬው አብሮት መጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።"

ሌላስ ማን ያውቃል አልኳት። ከውሾቹ በቀር ሁሉም አለችኝ። ቡሃቃው ዙሪያ የነበሩት ስድስቱም። ኔላም። መቼም አንድ ዘኖን ብቻ ነው ያልሰማው፣ እሱን ደግሞ ሚስቱ የምትነግረው ነገር የለም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ታዲያ ለምን ከቡሃቃው አላራቁኝም አልኳት።

"ኡሊያና ቤት ለቤት ዞራ ለምናቸዋለች። አክስቴን አታሳፍሩብኝ፣ ራሷ እስክትናገር ጠብቁልኝ ብላ። እኔም ቤት መጥታ ነበር።" ርግቧን አገላብጣ አየቻት። ክንፏን በጣቷ ዳሰሰች፣ ሁለት ቦታ የተቆረጠውን። "ለእኔ የዞረ አልነበረም" አለች።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ዳቦው እኮ አልተሰነጠቀም አልኳት፤ ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

"አየሁት" አለች ጫማዋን እያጠለቀች። "የእኔም አይሰነጠቅም ነበር።"

ርግቧን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች። እኔ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ቃል ገብቼ ነበር።

እሁድ፣ ኦክቶበር 8

ማክሰኞ ሉትስክ ሄጄ ፈረምኩ። ውል አዋዋይዋ ወጣት ናት፤ እስክሪብቶው አልጽፍ ሲለኝ ሌላ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ረቡዕ በአደራ ላክሁት፣ ቪራ ናት የተቀበለችኝ። ቴምብሩን ለጥፋ ማኅተሙን መታች።

ለኔላ ነገርኳት፣ ለእትዬ ፌንያም፣ ለሁሉም። የሚያውቁትን ነገር እንደ አዲስ ሰሙልኝ። ኡሊያናን ግን ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ዋሸሁሽ አልኳት። የጠረጴዛው ልብስ የገበያ ነው አልኳት። እሱን ካርቶኑን ሳየው አውቄዋለሁ፣ ብስኩቱን እኮ በልጅነቴ አብረን ነው የበላነው አለችኝ። ጨርቁ አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

የእመቤታችን በዓል። የእትዬ ፌንያ የልጅ ልጅ ሰርግ የፊታችን ሳምንት እሁድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ፌንያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ስላልደበቅሽን ደግ አደረግሽ አሉኝ። ቀጥለው "ዳርካዬ፣ አንቺ ዘንድሮ እረፊ። ከዚያ ማዶ ሆነሽ ዘፈኑን ብቻ ታወጪልናለሽ" አሉኝ።

በለስላሳ ድምፅ ነው ያሉኝ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ የእኔ ነው። ያልተነገረ ነገር ሲሆን ሁሉም ችለውት ነበር፤ አሁን ተነግሯል፣ ሕጉም ሕግ ነው። አልተቆጣሁም። ሕጉን እሳቸው አላወጡትም፣ ለሃያ ሁለት ዓመት ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። እሺ፣ እትዬ አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ ሽርጤን አጠፍኩ። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 17

ቪራ የወረቀቱን መድረሻ ደረሰኝ አመጣች። ፖርቱጋል ደርሷል። ደረሰኙን በአጥሩ ላይ ታቀብለኛለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ብስክሌቷን አስደግፋ በሩን ከፈተችና ገባች። እስከ ወጥ ቤቱ። ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም። ወጥ ቤቴን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ምድጃው ድሮ የነበረበት ነው።

ያን ቀን ስለሠራሁብሽ፣ አልኩ። ብዙ ነገር ልል ነበር፣ ሌሊቱን ሳዘጋጀው ነው ያደርኩት። እጇን አነሳች፣ ተዪው እንደ ማለት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። አላልኩም ብላም አልሄደችም።

"አርብ የሚያቦኩት ፌንያ ቤት ነው አይደል?" አለችኝ።

አዎ አልኳት፣ ከዚህ ሦስተኛው ቤት።

ወደ መስኮቱ ሄደች። የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ወደ ፌንያ ግቢ አየች። "ባይጠሩሽ አይደለም የሚከፋው" አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። "ዘፈኑ ነው፣ እዚህ ድረስ ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚጀምሩት። ይህን መስኮት ቀድመሽ ዝጊው። እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው።"

አርብ፣ ኦክቶበር 20

ስምንት ተኩል ላይ ዘጋሁት። ተዘግቶም ይሰማል።